በሩን ጠይቂው

ባለፈው ሰሞን ለዘመድ ጉዳይ ጭሮ ሄጄ ሳለ የተሳፈርኩበት የባጃጅ ሹፌር ከሚስቱ ጋር በስልክ ይጨቃጨቅ ነበር። የት እንዳመሸ ጠይቃው መሰለኝ፣ እየሳቀ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ በሩን ጠይቂው» አላት። ከኋላ የተቀመጥኩት ሰውዬ ክው አልኩ። ይህን አነጋገር ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው፣ «አባባ፣ ይሄማ ድሮም ያለ ነው፤ እዚህ አገር ሁሉም ይለዋል» አለኝ።

ድሮም ያለ አይደለም። መጀመሪያ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። ለብሶት የነበረውን ቡናማ ኮትም አውቀዋለሁ። ለልጁ ልነግረው አፌን ስከፍት መውረጃዬ ደረሰና ሂሳቤን ከፍዬ ወረድኩ። ለእሱ ሳልነግረው የቀረሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ። መኪና ነድቻለሁ፣ ጄኔሬተር ጠግኛለሁ፣ መጨረሻ ላይም የአንድ ጋራዥ ኃላፊ ሆኜ ነው በጡረታ የተሰናበትኩት። ምን ትሠራ ነበር ሲሉኝ ግን ሲኒማ አሳይ ነበርኩ እላለሁ። ልጆቼ በዚህ ይስቁብኛል፤ ሲኒማ ያሳየሁት ከሥራ ዘመኔ ጥቂቱን ብቻ ነውና። ቢሆንም ሌላውን ብረሳው አልጎዳም፣ ያንን ግን ልርሳ ብልም አልችልም።

ተወልጄ ያደግሁት ናዝሬት ነው። በአምሳዎቹ መጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ ወደ አሰበ ተፈሪ መደበኝ፤ የዛሬዋን ጭሮ ያኔ እንዲያ ነበር የምንላት። ቅርንጫፉ አንድ ላንድሮቨር፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ተናጋሪ ነበረው። ተናጋሪ የምለው ሰው ነው። አለቃችን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ጫማቸው ላይ አቧራ ሲያርፍ ፊታቸው የሚጠቁር ሰው ነበሩ። አቧራ የማይወድ ሰው ሐረርጌ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ እሳቸው ራሳቸው የሚያውቁት አይመስለኝም። ሥራችን በየገበያ ቀኑ ቦኬ፣ በደሳ፣ መሰላ እየዞርን ስለ ወባ ትንኝ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ውሃ ማፍላት የሚያስተምር ፊልም ማሳየት ነበር። የውሎ አበሉ ነገር ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል፤ እሱን ተዉት።

ከትምህርቱ ፊልም ጋር አንድ ሣጥን ሙሉ የሳቅ ፊልም ነበረን። ውጭ አገር ለቴሌቪዥን የተሠራ ነው ይባል ነበር፤ ቴሌቪዥን የሚሉትን ነገር ግን ከመካከላችን በዓይኑ ያየ አልነበረም። እያንዳንዱ ጥቅል አንድ ታሪክ ነው፤ ታሪኩ ሁሉ ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ ያልቃል። አንድ ባል፣ አንዲት ሚስት፣ አንድ ሶፋና አንድ በር። ባልየው የሆነ ነገር ያጠፋል፣ ይደብቃል፣ በበሩ ሲገባ ይያዛል። ሚስቱ ትቆጣለች፣ አንዳንዴም ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ፊልሙ ሳያልቅ ግን በዚያው በር ተመልሳ ትገባለች። በሚቀጥለው ጥቅል ምንም እንዳልተፈጠረ ሁለቱም ሶፋው ላይ ናቸው። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው፤ በየመሀሉ ደግሞ የማይታዩ ሰዎች ከኋላ በአንድነት ይስቃሉ።

ይህን ፊልም የሐረርጌ ያደረጉት ተናጋሪያችን ጋሽ ሙሜ ናቸው። ጋሽ ሙሜ ያሰበ ተፈሪ ሰው ናቸው፤ ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አማርኛውም ኦሮምኛውም እኩል ይፈስላቸዋል። ባልየውን ቱፋ፣ ሚስቱን አያንቱ አሏቸው። ቱፋ በወፍራም ድምፅ አማርኛ ለመናገር የሚፍጨረጨር፣ ሲጨንቀው ወደ ኦሮምኛ የሚሸሽ ሰው ሆነ። አያንቱ ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ የማትረታ ሆነች። ቱፋ በበሩ ሲገባ ይያዝና «የት ነበርክ?» ሲባል፣ ጋሽ ሙሜ ትንሽ ዝም ይሉና፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ በሩን ጠይቂው» ይላሉ። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ ልጅ ለእናቱ፣ ባለሱቅ ለባለዕዳው፣ ሾፌር ለትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር ይህንኑ ማለት ጀመረ።

አሠራራቸውን ልናገር፣ ምክንያቱም ዛሬ እንዲህ የሚሠራ ሰው የለም። አዲስ ጥቅል ሲመጣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ በር ዘግተው፣ ድምፁን አጥፍተን ግድግዳው ላይ ደጋግመው ያዩታል። በደረስንበት ከተማ መጀመሪያ ገበያውን ይዞራሉ። በቅሎ የጠፋበትን፣ ድንበር የተካሰሱትን፣ ጫት ያልተሸጠለትን ሰምተው ይመለሳሉ። ማታ ያ ሁሉ በአያንቱ አፍ ይወጣል። ሲናገሩ ደግሞ ፊልሙ ከሚያርፍበት ነጭ አቡጀዲ ጎን ይቆማሉ፤ ፊታቸው ወደ ሰዉ፣ ጀርባቸው ወደ ሥዕሉ ነው። ሥዕሉን በቃላቸው ስለሚያውቁት ማየት አያስፈልጋቸውም። የሚያዩት የሰዉን ፊት ነው።

እኔ የድምፁን ቁልፍ ይዤ እጠብቃለሁ። ሲናገሩ እንግሊዝኛውን ዝቅ አደርጋለሁ፤ የግራ እጃቸውን ጣት ከፍ ሲያደርጉ የማይታዩት ሰዎች ሳቅ ስለደረሰ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። የእነዚያ ሳቅና የእኛ ሳቅ ይቀላቀላል። ትንሽ ካስቀደምኩ የእንግሊዝኛው ጭራ ይገባል፣ ትንሽ ካዘገየሁ ሳቁ ከመሀል የተቆረጠ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ጣታቸውን እጠብቅ ነበር፤ እየቆየሁ ስሄድ ትከሻቸው ሲነሳ አውቅ ጀመር። አንድ ቀን በደሳ ላይ አንድም ሳላበላሽ ስጨርስ፣ «ዛሬ ሁለታችን አንድ ሰው ነበርን» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በሥራ ዘመኔ ብዙ ምስጋና አግኝቻለሁ፤ እንደዚያ ያስደሰተኝ ግን የለም።

አንድ የማይነካ ደንብ ነበራቸው። የተጀመረ ፊልም አይቋረጥም። ዝናብ ቢመጣ ፕሮጀክተሩን ሸራ አልብሰን እንቀጥላለን። ሰው ሳቁን ግማሽ ላይ ይዞ ቤቱ ከገባ ይታመማል ይሉ ነበር፣ ከልባቸው ነው የሚሉት። የቱፋን ቤት ሰው የሚወደው ለምን እንደሆነም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀልዱን አይደለም፣ እሱን በገበያም ያገኘዋል አሉ። የሚወደው እዚያ ቤት የተበላሸ ነገር ሁሉ ፊልሙ ሳያልቅ ስለሚስተካከል ነው።

ጋሽ ሙሜ ሚስታቸው እትዬ አሻ ይባላሉ፤ የበደሳ ልጅ ናቸው። ብዙ ዓመት ልጅ አጥተው ቆይተው ሃሊማን ወለዱ። ሃሊማ ሩጫ የጀመረች፣ ላንድሮቨሩ ሲመጣ ከጡሩምባው በፊት የምትጮህ ልጅ ነበረች። አባቷ ቤት ሲገቡ ወገቧን ይዛ «የት ነበርክ?» ትላቸዋለች። መልሱን ታውቁታላችሁ።

በአንድ የክረምት ቀን መሰላ ነበርን። የሰዉ ብዛት ለጉድ ነው፤ ከየመንደሩ ፋኖስ ይዞ ወርዷል። ፊልሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ካሰበ ተፈሪ የመጣ አንድ የጫት ነጋዴ ሰዉን እየሰነጠቀ ወደ ጋሽ ሙሜ ሄደና በጆሯቸው አንድ ነገር ተናገረ። ማይክሮፎኑን ከአፋቸው አራቁት። ቱፋ አቡጀዲው ላይ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ጠፋባቸው ብዬ ደንግጬ ሳያቸው፣ ጣታቸውን አነሱና ቀጥል አሉኝ። እኔም ቀጠልኩ። እንደዚያ ቀን ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። አያንቱ በሩን ከፍታ ስትገባ ሴቶቹ እልል አሉ።

መብራቱን ሳበራ ነው የነገሩኝ። ሃሊማ ትኩሳት ይዟት ራሷን ስታለች፣ ቶሎ ድረስ ተብለዋል። ዕቃውን እንደነገሩ ወርውረን ተነሳን። መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ ጠበቀን። ከወንዙ ወዲያ ማዶ የነበሩ ሰዎች ውሃው ገና አሁን ነው የመጣው፣ ቅድም እኮ በእግር ይሻገሩት ነበር ብለው ጮኹብን። ጋሽ ሙሜ ይህን ሲሰሙ ከመኪናው ወርደው ውሃው ዳር ቆሙ፤ እስኪጎድል ድረስ አልተቀመጡም። አሰበ ተፈሪ የገባነው ከቀብር የተመለሰው ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው።

የሐዘኑ ሰሞን ካለፈ በኋላ እትዬ አሻ ያ ነጋዴ መሰላ መቼ እንደደረሰ፣ ፊልሙ መቼ እንዳለቀ ከሰው ሰሙ። ልብሳቸውን ጠቅልለው በደሳ ወንድማቸው ቤት ገቡ። ጋሽ ሙሜ ሥራቸውን አላቆሙም። ቤታቸው ባዶ ስለሆነ መሰለኝ እንዲያውም በደሳ በደሳ ማለት አበዙ። ሁልጊዜ የሚያዙኝም አንድ ጥቅል ነበር፤ አያንቱ ሻንጣዋን ይዛ የምትሄድበትና መጨረሻ ላይ የምትመለስበት። የእትዬ አሻ ወንድም ቤት ከገበያው ሜዳ ጀርባ እንደሆነና ማይክሮፎኑ እስከዚያ እንደሚሰማ ያኔ አላሰብኩም።

አሁን በደሳ ላይ ስላጋጠመችኝ አንዲት ማታ ልንገራችሁ። ፊልሙ በአምፖሉ ፊት የሚያልፍባት አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። በየማሳያው በፊት በለስላሳ ብሩሽ ትጠረጋለች፤ እኔም ጠርጌያት ነበር። ግን የበጋ ነፋስ ሜዳውን እያመሰው ነበርና መሀል ላይ አቧራ ገባባት። አያንቱ ወጥታ፣ ቱፋ ሶፋው ላይ ብቻውን ቀርቶ፣ በሩ ሊከፈት ሲል ፊልሙ ተቀርቅሮ ቆመ። የቆመ ፊልም በአምፖሉ ሙቀት ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። በሩ መሀል ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ፣ ሰፋ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ሁሉም ነጭ ሆነ። አምፖሉን ሳጠፋ የበሩ ክፍል ቀልጦ አልቋል። አያንቱ ሄደች፣ ሳትመለስ ቀረች። ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። በሥራዬ ካጋጠመኝ ውድቀት ሁሉ ዛሬም የሚያንገበግበኝ ያ ነው።

ጠዋት መኪናው አጠገብ ሳለን የበደሳ ሽማግሌዎች መጡ። ፊት ፊት የሚሄዱት ሼህ ዩስፍ ናቸው፤ የተጣላ ባልና ሚስት በሙሉ በእጃቸው የሚያልፍ ሰው ናቸው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ «ሙሜ፣ ለቱፋ ጉዳይ ነው የመጣነው» አሉ። ሚስቱ ከቤት ወጥታ ቀርታለችና እንደ ደንቡ መታረቅ አለባቸው አሉ። እኔ ሥዕሉን እውነት አድርገውት መስሎኝ ሳቄ መጣ። ሼሁ ዞር ብለው አዩኝ።

«ሥዕል መሆኑን እናውቃለን፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጋሽ ሙሜ ተመለሱ። «ይህ ቱፋ ሚስቱ ከወጣች ጀምሮ አንድ ቀን ተከትሏት አልሄደም። ለምንድነው?»

ጋሽ ሙሜ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ያፍራል» አሉ።

«ማፈሩን እንንገራት?»

ጋሽ ሙሜ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንባቸው ኮታቸው ላይ ይወርድ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። አንድን ትልቅ ሰው በሰው ፊት ላለማዋረድ ሽማግሌዎቹ ነገሩን በቱፋ ስም ይዘው መጥተዋል። እዚያ ሜዳ ላይ ከእኔ በቀር ያልገባው ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ መልሱን ይዘው መጡ። እትዬ አሻ ሽማግሌ አልመልስም ብለዋል፤ ግን ቤት ድረስ አይምጣብኝ፣ የሚለውን እዚያው ሥራው ቦታ ልስማው ብለዋል። ቀኑ ለሚቀጥለው ወር የገበያ ቀን ተቆረጠ።

ያን ወር ማታ ማታ የሠራሁት አንድ ሥራ ብቻ ነው። የቀለጠውን ቆርጬ አወጣሁ። ከሌላ ጥቅል አያንቱ በበሩ የምትገባበትን ቁራጭ ፈልጌ፣ ጫፉን በምላጭ ፍቄ፣ በማጣበቂያ ቀጠልኩት። ቀሚሷ ሌላ ነው፤ ሻንጣዋም በዘንቢል ተተክቷል። ይሁን፣ ትግባ እንጂ ብዬ ነው። ለጋሽ ሙሜ ሳሳያቸው በጣታቸው ዳሰሱት፣ «ይይዛል?» ብለው ጠየቁኝ። ይይዛል አልኳቸው።

ቀኑ ደረሰ። በደሳ ሜዳው ጢም ብሏል። ሁሉም ነገሩን ያውቃል፣ ማንም አያነሳም። እትዬ አሻ ከወንድማቸው ሚስት ጋር መጥተው ከአቡጀዲው ጎን ቆሙ፤ ቦታ ቢለቀቅላቸው አልተቀመጡም። ፊልሙ ተጀመረ። ጋሽ ሙሜ ድምፃቸው ደህና ነበር፣ ሰዉም ይስቅ ጀመር። ቱፋ በበሩ ገባ። አያንቱ ወገቧን ይዛ «የት ነበርክ?» አለች።

ያችን ቃል ሁሉም ይጠብቃል። ጋሽ ሙሜ እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ፤ ዝምታው ግን ረዘመ። ጣታቸው አልተነሳም። ከኋላ አንድ ሰው የረሱ መስሎት «በሩን ጠይቂው» ብሎ አስታወሳቸው፤ ሌሎችም ተቀብለው አሉት። ጋሽ ሙሜ ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረጉ።

«ተክሌ፣ አጥፋው» አሉኝ።

የሰማሁትን አላመንኩም። ደንቡን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«አጥፋው አልኩህ።»

አጠፋሁት። ሜዳው ጨለመ፤ የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ትንሿን አምፖል ሳበራ ጋሽ ሙሜ ማይክሮፎኑን መሬት ላይ አስቀምጠው እትዬ አሻ ፊት ቆመዋል። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ።

«አሻ፣ መሰላ ላይ እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ» አሉ።

«አዎ» አሉ እትዬ አሻ። «ወላሂ፣ አውፍ ብዬሃለሁ። ልቤ ውስጥ ምንም አልያዝኩብህም። ቤት ግን አልመለስም፣ ሙሜ። በዚያ በር በገባሁ ቁጥር እሷን ነው የማየው።»

እትዬ አሻ ሻርፓቸውን አስተካክለው ሄዱ፤ ሴቶቹ እየተነሱ ተከተሏቸው። የፊልሙን ቀሪ አሳዩን ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ሳቁን ግማሽ ላይ ይዞ ቤቱ ገባ። ጋሽ ሙሜ አቡጀዲውን እኔ እንዳጥፍ አልፈቀዱም፣ ራሳቸው አጠፉት።

ከዚያ በኋላ ስለ ትንኝና ስለ ውሃ ማፍላት ተናገሩ እንጂ ወደ ቱፋ ቤት አልተመለሱም። ሰዉ ሲለምን አለቃችን እኔን አዘዙኝና ፊልሙን በእንግሊዝኛው አሳየሁት። ሥዕሉ ያው ነው፣ ሶፋው ያው ነው፣ የማይታዩት ሰዎችም እንደ ድሮው ይስቃሉ። ቦኬ ላይ ሰዉ ትንሽ አየና እየተነሳ ሄደ። መጨረሻ ላይ እነዚያ ብቻ ሲስቁ ቀሩ። ቁልፉን ወደ ታች ጠምዝዤ ዝም አሰኘኋቸው። ሣጥኑ ወደመጣበት ተላከ፤ የቀጠልኩትም በር አንድ ቀን ሳይከፈት አብሮ ሄደ።

ጋሽ ሙሜ ጥቂት ዓመት ቆይተው በሳንባ ሕመም ሞቱ። እኔ ያኔ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሬ ነበር፤ ስሰማ መጣሁ። ግቢያቸው በሰው ሞልቷል፣ ወንዶቹ ሸራው ሥር፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ናቸው። ሳቅ የሚያውቁላቸው ሰዎች ሁሉ እያለቀሱ ስለ ቱፋ ያወራሉ። ከሰዓት በኋላ እትዬ አሻ ከበደሳ መጡ። ጠጉራቸው ሸብቷል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተላቅሰው ወደ ቤቱ ሲያልፉ አጠገቤ ቆሙ።

«ተክሌ፣ ያ የቆመው ፊልም መጨረሻው እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ትመለሳለች» አልኳቸው።

«መቼ?»

«ወዲያው። እሱ ሶፋው ላይ ሳለ በሩን ከፍታ ትገባለች።»

እትዬ አሻ የቤቱን በር አዩት። ለለቅሶተኛ ሲባል ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር።

«ወዲያው» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው ገቡ።